እማዬ ስኳር አለባት፤ ዓይኗ እየደከመ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦
እማዬ ስኳር ከያዛት 12 ዓመቷ ነው። ትናንት ምስር ስትለቅም አጠገቧ ነበርኩ። ጠጠሩን እያለፈች ደህናውን ምስር ትጥላለች። «ጥቁር ክር ነገር ዓይኔ ላይ ይመላለሳል» አለችኝ። ግን አያማትም። መነጽር ላሠራላት?

መልስ፦
እህቴ፣ መነጽሩ ይቆይ። መጀመሪያ የዓይን ሐኪም ይያት፤ ዛሬ ነገ አትበይ። ስኳር ዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለው፣ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን (ሬቲና) ላይ ያሉትን ቀጫጭን ደም ስሮች ይጎዳል። ፈሳሽ ያሾልካሉ፣ ይደማሉም። ያ ክር የሚመስለው ደም ሊሆን ይችላል። ሕመም የለውም፤ አባቴንም ያዘናጋው ይኸው ነው። ሐኪም ጋ የሄድነው አንድ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ነው። ሁለተኛውን በሌዘር አተረፉለት። ስትመረመር ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ያደርጉላታል። ከዚያ ለሰዓታት ብርሃን ይወጋታል፣ ብቻዋን አትላኪያት። አባቴ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጥሎ፣ ክንዴን ይዞ ነው የወጣው።

ሌላ መልስ፦
እኔም ስኳር አለብኝ። ስኳሬ ከፍ ዝቅ ሲል ብዥ ይልብኝ ነበርና መነጽር ገዛሁ። ስኳሩ ሲስተካከል መነጽሩ አልሆነኝም። አሁን ደህና ባይም በየዓመቱ እታያለሁ። የደም ግፊቷንም አስለኪላት፤ እሱም ዓይንን ይጎዳል።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩልኝ። ነገ በጠዋት ይዣት እሄዳለሁ።