ከዲስኩ ላይ በቀጥታ ቪዲዮ ለማቀናበር፦ ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ወይስ ባለ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ?

ጥያቄ፦ የሰርግ ቪዲዮ ባለሙያ፣ ጅማ

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ የሰርግና የኒካህ ቪዲዮ እቀርጻለሁ፤ ቅንብሩንም የምሠራው ራሴ ነኝ። ሁለቱ ካሜራዎቼ 4ኬ ምስል በሰከንድ 100 ሜጋቢት ይቀርጻሉ። የላፕቶፔ የውስጥ ኤስኤስዲ 512 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ፣ አንዱን ሰርግ ሳላስረክብ ሌላው ሲደርስ ቦታ ያልቅብኛል። ሄርማታ አካባቢ ባለ 4 ቴራባይት ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክና ባለ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ በተቀራረበ ዋጋ አግኝቻለሁ፤ ገንዘቤ የሚበቃው ግን ለአንዱ ነው። ከጓደኛዬ በተዋስኩት ሃርድ ዲስክ ስሞክር፣ የሁለቱን ካሜራ ምስል ጎን ለጎን ሳጫውት እየቆመ አስቸግሮኛል። የቱን ብገዛ ይሻለኛል?

መልስ፦ የቪዲዮ አቀናባሪ፣ ፈረንጅ አራዳ

ወንድሜ፣ ለቅንብር ኤስኤስዲውን ግዛ። ምክንያቱን በስሌት ላሳይህ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት ማለት 12.5 ሜጋባይት ነው፤ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሆናል። ሁለቱ ካሜራዎች አራት አራት ሰዓት ቢቀርጹ የአንድ ሰርግ ጥሬ ምስል 360 ጊጋባይት ስለሚይዝ፣ በ1 ቴራባይት ላይ ሁለት ሰርግ ጎን ለጎን ታስቀምጣለህ።

ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 140 ሜጋባይት ያህል ስለሚያነብ፣ ለሁለት ካሜራ የሚያስፈልገው 25 ሜጋባይት ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ያ ፍጥነት የሚገኘው አንድ ትልቅ ፋይል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተከታታይ ሲነበብ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ የሚመላለስ የንባብ ክንድ ስላለ፣ ታይምላይኑ (ክሊፖቹ የሚደረደሩበት የቅንብር መስመር) ላይ የሁለት ካሜራ ምስል፣ ለብቻው የተቀረጸ ድምፅና ሙዚቃ ሲደራረብ ክንዱ ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው ሲዘል ጊዜው በመንገድ ያልቃል። ዲስኩ እየሞላ ሲሄድ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ በሰከንድ 500 ሜጋባይት የሚያነበው ለአንተ ሥራ ከበቂ በላይ ነው፤ 1000 ለሚያነበው ተጨማሪ ገንዘብ አታውጣ።

መልስ፦ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ መርካቶ

በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ጥፋቱ የዲስኩ መሆኑን ያረጋግጡ። ከሁለቱ ካሜራዎች አንዳንድ ደቂቃ ወደ ላፕቶፑ የውስጥ ኤስኤስዲ ገልብጠው ያጫውቱ። እዚያም ምስሉ ከቆመ የደከመው ፕሮሰሰሩ ስለሆነ ምንም ዓይነት ዲስክ ችግሩን አይፈታልዎትም፤ መፍትሔው ፕሮክሲ፣ ማለትም አነስ ያለ የቅንብር ቅጂ፣ መሥራት ነው።

ሁለተኛው ነገር ኬብሉ ነው። በቅርቡ አንዲት ደንበኛ አዲስ ኤስኤስዲዋ በሰከንድ ከ38 ሜጋባይት በላይ አልሄድ ብሏት ተበላሽቷል ብላ አመጣችልኝ። ዲስኩ ምንም አልሆነም፤ የሰካችው በስልክ ቻርጀር ኬብል ነበር። አብዛኛው የቻርጀር ኬብል ጫፉ ታይፕ ሲ ቢሆንም የሚሠራው በዩኤስቢ 2.0 ፍጥነት ነው። በዚህ ፍጥነት 360 ጊጋባይት ለመገልበጥ ሦስት ሰዓት ገደማ ሲፈጅ፣ ትክክለኛው ኬብል ከዩኤስቢ 3 ፖርት ጋር ሲገናኝ በሩብ ሰዓት ውስጥ ያልቃል። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ይህ ፖርት ውስጡ ሰማያዊ ነው፤ አለበለዚያም አጠገቡ ኤስ ኤስ የሚል ምልክት አለው።

ሲገዙ ደግሞ የሐሰት ዲስክ እንዳይገጥምዎ ይጠንቀቁ። እኔ ከፍቼ ያየሁት አንዱ፣ በኤስኤስዲ ቅርፊት ውስጥ ጣት በምታህል ሰሌዳ ላይ የተሰካ ትንሽ ሜሞሪ ካርድ ብቻ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን 2 ቴራባይት ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያለው ትክክለኛ መጠኑ ሲሞላ የቀድሞውን ፋይል ያጠፋል። ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ ስለሚያነብ ማታለሉን ያጋልጣል። ባለ 1 ቴራባይቱ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ብሎ ቢታይ ግን የአቆጣጠር ልዩነት ነውና አይደንግጡ። ከማክ ተጠቃሚ ጋር የሚሠሩ ከሆነ ኤክስፋት በሚባለው፣ ዊንዶውስም ማክም በሚጠቀሙበት ዓይነት ፎርማት ያድርጉት።

መልስ፦ ሥራውን ከቴፕ ካሴት ዘመን የጀመርኩ ቀራጭ

ልጄ፣ የተነገረህ ሁሉ ልክ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ካቀናበርህ በኋላ ያለው ጉዳይ ነው። የራሱ የኃይል አዳፕተር ያለው ትልቅ ሃርድ ዲስክ ነበረኝ። አንድ ማታ ፋይል እየገለበጥኩ ሳለ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ፤ ዲስኩ ግን መሀል ላይ ቆመ። መብራቱ ሲመለስ የሙሽሪት ቤት ፎልደር አልከፈት አለኝ። ካርዶቹን አጥፍቻቸው ስለነበር ለቤተሰቡ የምሰጠው ነገር አጣሁ፤ እናትየዋ ፊት የቆምኩበት ቀን እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ስለዚህ ከላፕቶፑ ኃይል የሚወስደውን ትንሹን ዓይነት ምረጥ፤ ከመንቀልህ በፊትም ኢጀክት አድርግ፣ ማለትም ዲስኩን እንዲለቅ ኮምፒውተሩን እዘዘው።

ያለቀውን ሥራ ለዓመታት ለማስቀመጥ ኤስኤስዲ አይመረጥም፤ ኃይል ሳያገኝ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ መረጃ ሊጠፋበት ይችላል። ለዚያ ሃርድ ዲስክ ይሻላል፤ አንድ ሳይሆን ሁለት፣ በተለያየ ቤት የሚቀመጡ። የጅማ ክረምት እርጥበቱ ብዙ ስለሆነም ክዳኑ ጥብቅ አድርጎ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ አኑራቸው።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሙከራውን አደረግሁ፤ ከላፕቶፑ የውስጥ ዲስክ ሁለቱም ካሜራዎች ሳይቆሙ ስለተጫወቱ ችግሩ የተዋስኩት ሃርድ ዲስክ ነበር። ዛሬ ኤስኤስዲውን ገዛሁ፤ ሻጩም ፈተናው እስኪያልቅ ሱቁ ውስጥ እንድጠብቅ ፈቀደልኝ፤ ያለ ስሕተት አለፈ። ጋሼ፣ ሁለቱን ሃርድ ዲስኮች ከሚቀጥለው ሰርግ ክፍያ እገዛለሁ። እስከዚያ ድረስ የሁለቱንም ካሜራ ካርዶች ሳላጠፋ እናቴ ቤት አስቀምጫለሁ።