ኦስሎና በርገን በአንድ ኬክሮስ ላይ ሆነው አየራቸው ለምን ተለያየ?

ካርታ ወዳድ፦
ሰላም ወገኖች። ሰሞኑን የኖርዌይን ካርታ እያየሁ አንድ ነገር አልገባኝ አለ። በርገንና ኦስሎ ሁለቱም 60 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ናቸው። ሁለቱም ባህር ዳርቻ ላይ፣ ሁለቱም ዝቅተኛ ቦታ። ግን በርገን በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርድባታል፣ ኦስሎ የዚያን ግማሽ እንኳ አታገኝም። በጃንዋሪ ደግሞ የበርገን አማካይ ሙቀት ከዜሮ በላይ ሲሆን የኦስሎ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ትምህርት ቤት የተነገረን ከምድር ወገብ በተራቀ ቁጥር ይቀዘቅዛል የሚለው ነው። ታዲያ ይሄ ሁሉ ልዩነት በአንድ አገር ውስጥ ከየት መጣ?

ደጋ ሰው፦
ኬክሮስ የሚነግርህ ፀሐይ በምን ያህል ቀጥታ እንደምታርፍብህ ነው፣ ሌላው ሁሉ የመሬቱ አቀማመጥ ሥራ ነው። እኔ አንድን አገር ሳይ ቀድሜ የማየው ከፍታውን ነው። በአማካይ 1,000 ሜትር ስትወጣ ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ኢኳዶርን ተመልከት። ኪቶ ምድር ወገብ ላይ ናት ማለት ይቻላል፣ ግን 2,850 ሜትር ላይ ስለተቀመጠች ዓመቱን ሙሉ 15 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጓያኪል እዚያው አገር ውስጥ ባህር ጠለል ላይ ሆና 26 እና 27 ዲግሪ ትለበለባለች። አየር በዋናነት የሚሞቀው ከታች፣ ከመሬት ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ለእኔ ደጋና ቆላን የሚለየው ይኸው ነው።

ነፋስ ተከታይ፦
ደጋ ሰው ያልከው ልክ ነው፣ ግን ጠያቂው ያነሳቸው ሁለቱም ከተሞች ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስለሆኑ በከፍታ ብቻ አይፈታም። መጠየቅ ያለበት ነፋሱ ከየት ተነስቶ፣ ምን አቋርጦ ነው የሚደርሰው የሚለው ነው።

እዚያ አካባቢ ነፋሱ የሚበዛው ከምዕራብ ነው፣ የሚመጣውም ለቦታው ሞቅ ያለ የሚባል የአትላንቲክ ውሃ ላይ እየሄደ ነው፣ ስለዚህ በርገን ሲደርስ ሙቀትም እርጥበትም ተሸክሟል። ከዚያ ተራራ ይገጥመዋል። መሄጃ የለውም፣ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ የተሸከመው እርጥበት ደመና ይሆንና በምዕራቡ ተዳፋት ላይ ይዘንባል። ኦስሎ ተራራውን ተሻግሮ የሚደርሳት እርጥበቱን ያራገፈው አየር ነው። ይሄ የዝናብ ጥላ ይባላል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። እርጥበት ወደ ውሃ ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል። ስለዚህ አየሩ ደመና እየሠራ ሲወጣ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው፣ ደርቆ ሲወርድ ግን በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ከተራራው ማዶ አንዳንዴ ሲነሳ ከነበረው የበለጠ ሞቆና ደርቆ የሚወርደው ለዚህ ነው።

ሕንድም ያው ነው። ሙምባይ ባህር ዳርቻ ላይ፣ ፑኔ ከምዕራባዊው የጋትስ ተራራ ሰንሰለት ጀርባ። ሙምባይ ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ስታገኝ ፑኔ የምታገኘው የዚያን ሲሶ አካባቢ ነው። ማዳጋስካርም እንዲሁ፣ ምሥራቁ ጫካ፣ ደቡብ ምዕራቡ እሾሃማ ቁጥቋጦ።

ጉም ያለበት፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው ባህር ሲባል ዝናብ ነው የሚመስለው። የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ናት፣ 12 ዲግሪ ደቡብ፣ ማለትም ሞቃት ቀጠና ውስጥ። ዝናብ ግን ከስንት አንዴ ነው። ከደቡብ የሚመጣው የሁምቦልት ቀዝቃዛ የባህር ጅረት ውሃውን ያቀዘቅዘዋል፣ ቀዝቃዛው ውሃ በላዩ ያለውን አየር ከታች ያቀዘቅዘዋል፣ ከታች የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ወደ ላይ አይወጣም። ካልወጣ አይዘንብም። ስለዚህ ለወራት ጉም ብቻ ነው፣ ሰማዩ ግራጫ፣ መሬቱ ደረቅ። የአታካማ በረሃም ከዚያው ዳርቻ ወደ ደቡብ ነው። ኤልኒኞ ሲመጣና ውሃው ሲሞቅ በረሃ የነበረው የሰሜን ፔሩ ዳርቻ በጎርፍ የሚጥለቀለቀውም በዚህ ነው።

ከባህር መራቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ውሃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፣ መሬት ሁለቱንም ቶሎ ያደርጋል። ሳይቤሪያ ውስጥ ያኩትስክን ብታይ ጃንዋሪ ላይ አማካዩ ከዜሮ በታች 38 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ጁላይ ላይ ከዜሮ በላይ 19 ወይም 20። እዚያ የሚኖር ሰው ከአንድ ዓመት ወደ ሌላው ሳይሆን ከወር ወደ ወር ነው አገር የሚቀየርበት።

ካርታ ወዳድ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ አሁን በርገን ገባችኝ። ግን ሙምባይ ላይ ጥያቄ ቀረኝ። ተራራውም ባህሩም ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናቸው። ዝናቡ ታዲያ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?

ነፋስ ተከታይ፦
ነፋሱ ስለሚዞር ነዋ! ምድር 23.5 ዲግሪ ገደማ አዘንብላ ስለምትዞር በጁን ፀሐይ ወደ ሰሜን ታደላለች። የእስያ መሬት ከሕንድ ውቅያኖስ ቀድሞ ይሞቃል፣ አየሩ እየቀለለ ይነሳል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። የሞላው ወደ ጎደለው ይፈሳልና ከደቡብ ምዕራብ እርጥብ ነፋስ ከባህሩ ይገባል። ጋትስ ላይ ሲወጣ ሙምባይ በዝናብ ትታጠባለች። በብርዱ ወራት ተቃራኒው ይሆናል፣ መሬቱ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱም ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከየብስ ይነፍሳል። ደረቅ ነው፣ ሙምባይ ጠብታ ታጣለች።

አሁን ካርታህን ክፈትና በምሥራቁ ዳርቻ ያለችውን ቼናይን ፈልግ። ሙምባይ በዝናብ ስትመታ ቼናይ ከተራራው ጀርባ ስለሆነች የሚደርሳት ትንሽ ነው። ዋናው ዝናቧ የሚመጣው ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነው፣ ያ ለሙምባይ ደረቅ የሆነው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የቤንጋልን ባህረ ሰላጤ አቋርጦ እርጥበት ይዞ ስለሚደርሳት።