ክርክር፦ «መከራ ከምኞት ይመጣል» ማለት ለደሴ ወጣት ይበጃል?

አስተባባሪ፦ በሰፈራችን የወጣቶች ማዕከል በሳምንት አንድ ምሽት የጽሞና ልምምድ ይጀመር፣ ቡድሃ ስለ ምኞትና ስለ መከራ ያስተማረውም ለውይይት ይቅረብ የሚል ሐሳብ መጥቷል። ይጀመር ወይስ ይቅር?

ሸዋ በር፦ ይቅር! ሥራ ፍለጋ ከፒያሳ መናኸሪያ ሲመላለስ ጫማው ያለቀ ልጅ «ችግርህ መመኘትህ ነው» ሲባል ስድብ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውላ ደመወዟን የቤት ኪራይ የሚበላባትስ? አሠሪዎች ይህን ስብከት ቢሰሙ አዳራሹን በነፃ ይሰጡን ነበር።

ጦሳ ሥር፦ አንተ የምትነቅፈው ሌላ ትምህርት ነው። ቡድሃ ራሱ በረሃብ ሰውነቱን ቀጥቶ ቀጥቶ፣ አይረባም ብሎ ምግብ የበላ ሰው ነው። ካስተማራቸው ስምንት መንገዶች አንዱ ትክክለኛ ጥረት፣ ሌላው ትክክለኛ መተዳደሪያ ነው። ለተከታዮቹ ከከለከላቸው ንግዶች መካከል በሰው መነገድ አለበት፤ ልጆቻችንን በየመን በኩል ለሚሸኝ ደላላ ይነበብለት። ሕንዳዊው የመብት ታጋይ አምበድካርም እ.ኤ.አ. በ1956 ናግፑር ላይ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ «የማይነኩ» ከሚባሉ ወገኖቹ ጋር ቡድሂስት የሆነው ከዘር ተዋረድ ለመውጣት እንጂ ዕጣቸውን አሜን ብለው እንዲቀበሉ አይደለም።

ሸዋ በር፦ አምበድካር የሕግ ሰው ነበር። የሕንድን ሕገ መንግሥት ረቂቅ ኮሚቴ የመራው ዓይኑን ጨፍኖ ነው?

ሐጂ፦ ነፍስያን መግራት ከሸኾቻችን የሰማነው ነው፤ ክርስቲያኑም ሐይቅ እስጢፋኖስን የሚያህል ገዳም ቅርቡ ነው። እኛ ምኞታችንን የምንተወው ለአላህ ብለን ነው። ቡድሃ ግን ትምህርቱን በፈጣሪ ላይ አላቆመውም። ልጆቹ ለማን ብለው ይተዉት?

ጦሳ ሥር፦ ሐጂ፣ ልምምዱን ከእምነቱ ለይቶ መውሰድ ይቻላል። ካባት ዚን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1979 ሕመም ለጠናባቸው ሰዎች እንዲህ አድርጎ አስጀምሮታል።

ሐጂ፦ ከለያችሁት የቡድሃ ትምህርት አትበሉት፤ ካልለያችሁት እምነት ነው በሉ። አንዱን ምረጡ።

የቅሬ እናት፦ እኔ ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ የቆርቆሮ በር በኃይል ሲዘጋ ልቤ ይመታል። ቡድሃ ስለ ሁለት ቀስት ተናግሯል ይባላል፤ የመጀመሪያው ይወጋሃል፣ ሁለተኛውን በሐሳብህ ራስህ ትወጋዋለህ። ይህ ገብቶኛል፣ ልማረው እፈልጋለሁ። ልጇ የሞተባትን ጎተሚን ግን ሰው ሞቶበት ከማያውቅ ቤት ሰናፍጭ አምጪ ብሎ በየደጁ አዞራት። እኛ ጋ ሐዘንተኛ አትዞርም፤ ቅሬው (እድሩ) ንፍሮውን ይዞ ወደ እሷ ይመጣል። ብቻን ተቀምጦ መጽናናቱ አይሆንልኝም።

ጦሳ ሥር፦ እትዬ፣ አብረን ነው የምንቀመጠው።

የቅሬ እናት፦ እንግዲያው ሰኞ አይሁን። ገበያ ውዬ መጥቼ ዓይኔን ከጨፈንኩ የምነቃው ማክሰኞ ነው።