አስቸኳይ፦ የኦሊምፒክ ብር ከቤት ውስጥ የዓለም ወርቅ በላይ ይቀመጣል ወይስ በታች?

የክለቡ ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለታዳጊ ክለባችን ግድግዳ የ800 እና የ1500 ሜትር ድሎችን በክብራቸው ቅደም ተከተል የሚያሳይ ባነር እያዘጋጀሁ ሲሆን፣ ፋይሉ ዛሬ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ማተሚያ ቤት መድረስ አለበት። ኤክሴል ላይ በሜዳሊያ ብደረድረው ወርቅ ሁሉ ከላይ፣ ብር ሁሉ ከታች ሆነና የጽጌ ዱጉማ የግላስጎው የቤት ውስጥ ወርቅ ከፓሪስ ብሯ በላይ ወጣ። አሰልጣኛችን አይቶ «ተሳስተሃል» አለኝ፤ ትክክሉን ሳይነግረኝ ግን ታዳጊዎቹን ይዞ ልምምድ ወጣ። እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ።

የስፖርት መምህር፦
ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ በችኮላ የሚመለስ አይደለም። ሞሮኳዊው ሂሻም ኤል ጉሩዥ ከ1997 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. በ1500 ሜትር አራት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ነገር ግን በ1996 አትላንታ ላይ ወድቆ፣ በ2000 ሲድኒ ላይ በኖህ ንጌኒ ተቀድሞ ስለነበር፣ በ2004 አቴንስ ላይ ወርቁን እስኪያጠልቅ ድረስ ታሪኩ እንደጎደለ ይቆጠር ነበር። በ800 ሜትር ሦስት የዓለም ወርቅ ያለው ዊልሰን ኪፕኬተርም ከኦሊምፒክ ያገኘው ብርና ነሐስ ብቻ ነው። ኦሊምፒክ በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣ በመሆኑ፣ በዚያ ሳምንት የታመመ ወይም የተጎዳ ሯጭ ሌላ ዕድል ላያገኝ ይችላል።

ኤክሴል አዋቂ፦
አንድ ዓምድ ይጨምሩና ለኦሊምፒክ 1፣ ለዓለም ሻምፒዮና 2፣ ለቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና 3 ይስጡ። መጀመሪያ በዚያ ዓምድ፣ ቀጥሎ በሜዳሊያ ይደርድሩ።

ከፍራንክፈርት፦
ይቅርታ፣ ዝርዝሩ የኢትዮጵያውያን ብቻ ነው ወይስ የዓለም? አልገለጹልንም።

የክለቡ ጸሐፊ፦
የኢትዮጵያውያን ብቻ ነው። ዓምዱን ጨምሬ ደረደርኩት፤ አሁን ደግሞ የገንዘቤ ዲባባ የ2016 የሪዮ ብር ከ2015 የቤጂንግ የዓለም ሻምፒዮና ወርቋ በላይ ወጣ። ይህ ልክ ነው?

የቀድሞ ሯጭ፦
ልክ አይደለም። በቤጂንጉ ፍጻሜ የመጀመሪያው ዙር እጅግ ቀርፋፋ ነበር፤ ከዚያ ገንዘቤ ፊት ወጥታ ዙሩን አከረረችውና በ4:08.09 ኬንያዊቷን ፌይዝ ኪፕዬጎንን ቀድማ ገባች። በሪዮ ያሸነፈቻት ኪፕዬጎን ቤጂንግ ላይ ሁለተኛ ነበረች። ኦሊምፒክም የዓለም ሻምፒዮናም ማጣሪያ፣ ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ ያሉባቸው፣ የዓለም አትሌቲክስም በደረጃ አወጣጡ በአንድ ምድብ የሚያስቀምጣቸው ናቸው። ስለዚህ ለሁለቱም 1 ይስጡ፣ በሜዳሊያ ይደርድሩ፣ ሜዳሊያው እኩል ሲሆን ኦሊምፒኩን ያስቀድሙ። የቤት ውስጡ ለብቻው ከታች ይሁን፤ በ200 ሜትር መም የሚሮጥና ብዙ ታላላቅ ሯጮች የሚዘሉት ውድድር ነውና። ጽጌ በ2024 ግላስጎው ላይ ስታሸንፍ ብሪታንያዊቷ ኪሊ ሆጅኪንሰን አልነበረችም፤ በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ ግን ሆጅኪንሰን 1:56.72፣ ጽጌ 1:57.15 ገቡ። እኔ ብሩን አስበልጣለሁ።

ኤክሴል አዋቂ፦
አዎ፣ ዓምድ ጨምረው ይደርድሩት እንጂ በእጅ አያንቀሳቅሱት።

ከፍራንክፈርት፦
በዚህ ስሌት የመሐመድ አማን የ2013 የሞስኮ ወርቅ ከላይ ሊቀመጥ ነው። ኬንያዊው የ800 ሜትር ባለ ክብረ ወሰን ዴቪድ ሩዲሻ በጉዳት ያልሮጠበት ፍጻሜ ከጽጌ የኦሊምፒክ ብር ይበልጣል ማለት ይከብደኛል። የክብር ደረጃ ማውጣቱ ራሱ አስፈላጊ አይመስለኝም፤ በዓመተ ምህረት ቢቀመጥስ?

የቀድሞ ሯጭ፦
ወዳጄ፣ ያልመጣን ተወዳዳሪ ማንም ሊያሸንፈው አይችልም። አማን ሩዲሻን በ2011 ሪዬቲ ላይ፣ ሩዲሻ ለንደን ላይ የዓለም ክብረ ወሰን ከሰበረ ከሳምንታት በኋላም በ2012 ዙሪክ ላይ፣ በዝናብ፣ ቀድሞታል። ሞስኮ ላይ ደግሞ ኒክ ሲሞንድስ በመጨረሻው ቀጥታ መስመር እየመራ ሳለ ደርሶበት 1:43.31 ገባ። በ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮና ያገኘነው የመጀመሪያው ወርቅ እርሱ ነው፤ ሩዲሻ አልነበረም ብለን ከብር በታች ልናደርገው አይገባም።

የስፖርት መምህር፦
ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ነገር አለ። በ800 እና በ1500 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ እስካሁን የለንም። ታዳጊዎቹ እንዲያዩት የባነሩ የላይኛው መስመር «የኦሊምፒክ ወርቅ» ተብሎ ባዶ ቢተው ደስ ይለኛል።

ከፍራንክፈርት፦
ሐሳብዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ባዶ መስመር ያየ ሰው የኅትመት ስህተት ይመስለዋል።

የቀድሞ ሯጭ፦
ገንዘቤ በ2015 ሞናኮ ላይ ያስመዘገበችው የ1500 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን፣ 3:50.07፣ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ካለ ወደ ሌላ ሰንጠረዥ ያውጡት። ኪፕዬጎን በ2023 ፍሎረንስ ላይ በ3:49.11 አሻሽላዋለች፤ የቤጂንጉ ወርቅ ግን ዛሬም የገንዘቤ ነው። «ቤት ውስጥ» የሚለው ቃል በየመስመሩ መጻፉንም ያረጋግጡ። 11 ሰዓት ሊሞላ 20 ደቂቃ ቀርቷል፤ ፋይሉን ላኩት?