ሐኪሞች ሳያነቡ የሚያልፉትን የመድኃኒት ማስጠንቀቂያ እንዴት ልለካ?

የምሠራው በኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ሥርዓት ላይ ሲሆን፣ የተቸገርኩት በመድኃኒት ማዘዣው ገጽ ነው። ሥርዓቱ ስለ አለርጂም ሆነ ስለ መድኃኒቶች መስተጋብር (አብረው ሲወሰዱ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ) የሚያስጠነቅቀው በአንድ ዓይነት ቀይ መስኮት ስለሆነ፣ ዋርፋሪን (የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት) እና አስፕሪን አብረው ሲታዘዙ የሚመጣው የመድማት አደጋ ከቁብ ከማይገባ መስተጋብር በመልክ አይለይም። ስለዚህም ሐኪሞቹ «እለፍ» የሚለውን መጫን ልማድ አድርገውታል።

በመጀመሪያ ያለፉበትን ምክንያት እንዲጽፉ አስገደድን፤ አብዛኞቹ አንዲት ነጥብ ብቻ እየጻፉ አለፉ (እውነቱን ለመናገር፣ በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር)። ቀጥሎ የታወቀውን ባለ 10 ጥያቄ የአጠቃቀም ምቹነት መጠይቅ አስሞላን። ውጤቱ ከ100 71 በመሆኑ እንደ አማካይ ከሚወሰደው 68 ቢበልጥም፣ መጠይቁ ሥርዓቱን በጥቅሉ የሚመዝን እንጂ ስለ አንድ መስኮት የሚናገር ባለመሆኑ አልረዳንም። በመጨረሻ ቀላል መስተጋብሮችን ሥራ ወደማያቋርጥ የጎን ማስታወሻ አወረድናቸው፤ የመስኮቱ ብዛት ቀነሰ፣ ከባዶቹ መነበብ አለመነበባቸውን ግን አሁንም አናውቅም።

የሥርዓቱ መዝገብ የሚይዘው መስኮቱ የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ሰዓት ብቻ ነው። ቶሎ መዝጋት ደግሞ ብቻውን ጥፋትን አያሳይም፤ አደጋውን አስቀድሞ የሚያውቅና የደም መርጋት ምርመራ ያዘዘ ሐኪምም በሰከንድ ያልፈዋል። የዓይን እንቅስቃሴ መከታተያ መሣሪያ የለንም፤ ለሥራው ያለነው እኔና አንድ ፋርማሲስት ነን።

በዚህ አቅም፣ አውቆ ማለፍን ሳያነቡ ከማለፍ ለመለየት የትኛውን የመለኪያ ዘዴ ብንጠቀም ይሻላል?