ከኮሜዲ ወደ ትወና፣ ከትወና ወደ ቶክ ሾው፦ የዊፒ ጎልድበርግ መንገድ ደብረ ብርሃን ላይ ይሠራል?

የጠባሴዋ
ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ብርሃን ባለ አንድ የኪነት ቡድን ውስጥ በሠርግና በበዓል መድረክ ቀልድ የምታቀርብ ጎበዝ ልጅ አለች። አሁን ድራማ መሥራት፣ ቀጥሎም ዩቲዩብ ላይ የራሷን ቶክ ሾው መክፈት ትፈልጋለች። ሁሉም አሜሪካዊቷን ኮሜዲያንና ተዋናይት ዊፒ ጎልድበርግን ምሳሌ ይጠቅሱላታል። ለመሆኑ ሴትዮዋ ምን ምን አድርጋ ነው ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረችው? እኛስ በሁለት ስልክና በአንዲት ክፍል ምን ልንሠራ እንችላለን? «ትልፋ፣ ይሳካላታል» የሚለውን ምክር ሰምተነዋል፤ እሱ ይቅርብን።

ጣርማበር
ዊፒ የቀልድ ክምችት ይዛ የመጣች ኮሜዲያን አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1983 «ስፑክ ሾው» ብላ የጀመረችው የአንድ ሰው ተውኔት ነበር፤ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ገፀ ባህርይ አለው። ከነሱ አንዷ ጥቁር ሕፃን ልጅ ናት፤ ልብስ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ «ረጅሙ ወርቃማ ፀጉሬ» እያለች ታወዛውዘዋለች። ተመልካቹ ይስቃል፣ ልጅቷ ግን የምሯን ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ዳይሬክተሩ ማይክ ኒኮልስ ይህን ሥራ በ1984 የኒውዮርኩ ታላቅ የቲያትር ሰፈር ብሮድዌይ አስገባው። በ1985 በስፒልበርግ ፊልም «ዘ ከለር ፐርፕል» መሪ ተዋናይት ሆና ለኦስካር ታጨች፤ በ1990ው «ጎስት» ደግሞ ወሰደችው። ለትወና ኦስካር ያገኘች ሁለተኛዋ ጥቁር ሴት ናት፣ ያውም ከሃቲ ማክዳንኤል ግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ። ወደ ፊልም ያሻገራት እንግዲህ ቀድሞውንም መድረክ ላይ ትወና ትሠራ የነበረ መሆኑ ነው።

ለልጅቷ፦ ሦስት ሰው ትምረጥ፣ ለእያንዳንዳቸው ከ4 እስከ 5 ደቂቃ። እያንዳንዱ አጥብቆ የሚፈልገው ነገር ይኑረው፤ ለምሳሌ ልጇ አዲስ አበባ ገብቶ ስልክ የማያነሳላት፣ እሷ ግን ለጎረቤት «ሥራ በዝቶበት ነው» የምትል እናት። ለአልባሳት አንድ ጋቢ ይበቃል፦ ትከሻ ላይ ሲጣጠፍ ሽማግሌ፣ ጀርባ ላይ ሲታሰር የታዘለ ሕፃን፣ ራስ ላይ ሲደረብ ለቅሶ የደረሰች ሴት። ነገሩ የሚበላሸው ሦስቱም በአንድ ትንፋሽና በአንድ አረማመድ ሲመጡ ነው። የመንዝን አነጋገር ማጋነን ብቻውን ሰው አይፈጥርም፤ ታዳሚው አንድ ደቂቃ ይስቅና በሁለተኛው ስልኩን ያወጣል።

ከካሜራ ኋላ
ጣርማበር ያለው እንዳለ ሆኖ፣ መድረክ የለመደ ሰው ካሜራ ፊት የሚወድቅባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ።

አንደኛው የሳቅ ፋታ ነው። ኮሜዲያን ቀልዷን ጥላ ሳቁ እስኪበርድ ትጠብቃለች። ድራማ ላይ የሚስቅ ሰው የለም፤ ያች ፋታ ባዶ ሆና ትቀረጽና ተዋናይቷ ቃሉ የጠፋት ትመስላለች። መድኃኒቱ ጽሑፉን ከባልደረባ ጋር ቁጭ ብሎ፣ ያለ ምንም እንቅስቃሴ፣ በተራ የወሬ ድምፅ ደጋግሞ መነባበብ ነው።

ሁለተኛው ድግግሞሽ ነው። አንድ ትዕይንት ከሩቅ፣ ከዚያ ከቅርብ፣ ከዚያ በሌላው ሰው በኩል ይቀረጻል። መጀመሪያ ላይ ሲኒውን «እንዴት ዋልክ» ስትል ካነሳች፣ ሁልጊዜም እዚያው ቃል ላይ በዚያው እጅ ማንሳት አለባት። መድረክ ላይ የሚያስመሰግነው በየምሽቱ መለዋወጥ እዚህ ኤዲተር ያስለቅሳል። አንድ ሰው ማስታወሻ ይዞ የእጅና የዕቃ አቀማመጥ ብቻ ይጻፍ።

እንግዳ ተቀባይ
ስለ ቶክ ሾው የሚዘለል አንድ ምዕራፍ አለ፦ የዊፒ የመጀመሪያ ሙከራ አልተሳካም። እ.ኤ.አ. በ1992 ኦስካር በእጇ እያለ የራሷን የምሽት ፕሮግራም ከፈተች። አንድ እንግዳ ፊት ለፊት፣ ባንድ የለ፣ የመግቢያ ቀልድ የለ። በ1993 ተዘጋ። በእኔ ግምት ተመልካቹ ቀልደኛዋን ፈልጎ መጥቶ ጨዋ ጠያቂ አገኘ። የተመቻት በ2007 «ዘ ቪው»ን መምራት ስትጀምር ነው፤ ጋዜጠኛዋ ባርባራ ዋልተርስ በ1997 የጀመረችው፣ ብዙ ሴቶች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚከራከሩበት ፕሮግራም። እዚያ ሸክሙ ይከፋፈላል፣ የእሷ ሥራ ማቀጣጠልና ማብረድ ነው። እኛም አገር አለባቸው ተካ ከልመንህ ታደሰ ጋር የመድረክ ቀልድ ሲሠራ ቆይቶ ነው «አለቤ ሾው»ን የመራው፤ መንገዱ አዲስ አይደለም።

ስለዚህ ብቻዋን ባትጀምር እመርጣለሁ፤ ሁለት ቋሚ ተጨዋቾች ይኑሯት። ከቀረጻው በፊት እንግዳውን በስልክ 20 ደቂቃ ታናግረውና ሦስት ጥሩ ገጠመኝ ትምረጥ፤ የተቀረው ጊዜ ወደነሱ የሚያደርስ ነው። «ደስ ብሎህ ነበር?» አይጠየቅም፣ መልሱ «አዎ» ነው። «ያን ቀን ቤት ስትገባ እናትህ ምን አሉ?» ይባላል። ከሁሉ የከፋው የኮሜዲያን ልማድ የእንግዳን ቀልድ በራስ ቀልድ መሸፈን ነው፤ እንግዳው ከሁለት ጊዜ በኋላ ዝም ይላል፣ ምክንያቱንም አይነግርሽም።

የጠባሴዋ
እናመሰግናለን! ቀጥታ ይሁን ወይስ ተቀርጾ?

እንግዳ ተቀባይ
ተቀርጾ። ቀጥታ ስርጭት ላይ አፍ ካመለጠ አይመለስም። ዊፒ ራሷ በ2022 ስለ ሆሎኮስት (ናዚዎች በአይሁድ ላይ ስለፈጸሙት ጭፍጨፋ) በተናገረችው የተነሳ ይቅርታ ጠይቃም የቴሌቪዥን ጣቢያው ኤቢሲ ለሁለት ሳምንት ከፕሮግራሙ አግዷታል፤ ያውም የስንት ዓመት ልምድ ይዛ።

ድምፅ ሰፈር
ክፍሏን በተመለከተ፦ የሲሚንቶ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ድምፅን ያስተጋባሉ። የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ ልብስ አይቸግረውም፤ ከካሜራው ኋላና ከእንግዳው ትይዩ ሁለት ሁለት ስቀሉ። ሐምሌና ነሐሴ ጠዋት ቅረጹ፣ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ምንም ማይክ አያድናችሁም። የደረት ማይክ ከጋቢ ሥር ከገባ መንሿሿት ብቻ ነው የሚቀዳው፤ ከላይ፣ ጨርቁ በማይነካው ቦታ ይሰካ። የድምፁን መጠን የምትለኩት ስታወራ ሳይሆን ስትስቅ ነው፦ በከፍተኛው ሳቅ የመቅጃው የድምፅ መለኪያ ከ-6 ዲሲቤል አይለፍ።

ሁለቱ ስልኮች በሴኮንድ እኩል 25 ወይም እኩል 30 ፍሬም (ምስል) ላይ፣ ሁለቱም ኤርፕላን ሞድ ላይ ይሁኑ፤ መሀል ላይ ስልክ ከተደወለ ቀረጻው ይቋረጣል። አንዱ እንግዳው ላይ፣ ሌላው ሁሉንም በሚያሳይ ቦታ። ሁለቱም መቅዳት ከጀመሩ በኋላ አንዴ ጮክ አድርጋችሁ አጨብጭቡ፤ ኤዲት ላይ ምስሉንና ድምፁን የምታገጣጥሙት በዚያች ጭብጨባ ነው።