በኦሪዮን ጥንድ ከዋክብት ለምን በዙብኝ?

ተማሪዋ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ ከጋያ ሳተላይት መረጃ ላይ ጥንድ ከዋክብትን (እርስ በርስ የሚዞሩ ሁለት ከዋክብትን) ከዋክብት በሚወለዱባቸው ሁለት ስፍራዎች እየቆጠርኩ ነው፤ አንዱ ከዋክብቱ የተራራቁበት ቶረስ፣ ሌላው የተጨናነቁበት የኦሪዮን ኔቡላ ክላስተር (የከዋክብት ስብስብ)። በሁለቱም ከ1 እስከ 5 አርክሰከንድ የሚራራቁትን እንደ ጥንድ ያዝኩ። ኦሪዮን ሞልቶ ፈሰሰ። መጻሕፍቱ ግን ጥንድ የሚበዛው በቶረስ ነው ይላሉ። የት ላይ ተሳሳትኩ? ረቂቁን የማስረክበው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ክንድና ስንዝር፦ አርክሰከንድ ማዕዘን ነው እንጂ ርቀት አይደለም። ማዕዘኑን ከእኛ ባላቸው ርቀት በፓርሴክ (አንዱ 3.26 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው) አባዢው፤ ምድር ከፀሐይ የምትርቀውን ያህል እየቆጠርሽ መራራቃቸውን ታገኛለሽ። ቶረስ 140፣ ኦሪዮን 400 ፓርሴክ ገደማ ይርቃሉ። ስለዚህ 5 አርክሰከንድ እዚያ 700፣ እዚህ 2,000 ነው። አንዱን በስንዝር ሌላውን በክንድ ለክተሻል።

ሌሊቱ፦ ርቀታቸውና እንቅስቃሴያቸው የማይመሳሰሉትን ጣያቸው፤ በቃ።

አሮጌ ሌንስ፦ ይቅርታ ሌሊቱ፣ ያ ዘዴ የሚያዋጣው ከክላስተር ውጭ ነው። እዚህ ሁሉም ከአንድ ደመና ስለወጡ ሁሉም አብረው ይጓዛሉ፤ ጎረቤትና ባለትዳር አይለይም። እህቴ፣ የአጋጣሚውን ጥንድ፣ ማለትም ሳይዞሩ እንዲሁ ጎን ለጎን የሚታዩትን፣ አስልተሽ ቀንሺ። ለምሳሌ በ400 ካሬ አርክሰከንድ አንድ ኮከብ ቢኖር፣ የ5 አርክሰከንድ ክብ 78 ገደማ ካሬ ስለሚሸፍን፣ ከአምስት ኮከብ አንዱ ያህል የውሸት ጎረቤት ይኖረዋል። መሃሉ ከዳሩ ስለሚጨናነቅም ለየብቻ አስይው።

ጥሬ ኮከብ፦ ከተቀነሰ በኋላ ኦሪዮን ማነሱ ግን እውነት ነው። በግርግር መሃል የሚያልፍ ኮከብ ርቀው የሚዞሩትን ይለያያል፣ ተቃቅፈው የሚዞሩትን ደግሞ ይበልጥ ያቀራርባል፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሄጊ በ1975 ያሳየው ይህንኑ ነው። አወላለዳቸውም ይለያል። ሩቆቹ የሚወለዱት ደመናው ራሱ ሲከፋፈል ሲሆን፣ ቅርቦቹ በኮከቡ ዙሪያ የሚሽከረከረው የጋዝ ዲስክ ሲሰነጠቅም ሊወለዱ ይችላሉ። በ2016 አልማ ቴሌስኮፕ በፐርሲየስ ደመና ውስጥ አንድ ዲስክ ሦስት ሕፃናት ከዋክብትን ይዞ አሳይቷል። እንዲህ ያሉትን በጋያ አትፈልጊ፤ አቧራው ጋርዷቸዋል።

ተማሪዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስንዝሩን አስተካክዬ፣ የአጋጣሚውን ስቀንስ፣ ከ1,000 የምድርና የፀሐይ ርቀት በላይ የሚራራቁት የኦሪዮን ጥንዶች ሊያልቁ ምንም አልቀራቸውም። ሠንጠረዡን እንደ አዲስ እየሠራሁ ነው።